አራት ዓመት ለመንገድ ያንሳልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ከዚራ ሲሆን፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ወንድ ልጃችን ጋር ጅቡቲ ከተማ እንኖራለን። ባለፈው ግንቦት ልጃችንን አሳል ሐይቅ ልናሳየው ወስደነው ሙቀቱ ስላልቻለው አስመለሰው፤ ማታም አተኮሰው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ «አሥር ዓመት እስኪሞላው ከከተማ አይወጣም፤ ደግሞስ የሚያየውን መቼ ያስታውሰዋል?» ይላል። እኔ ግን በጥር ወር በባቡር ወደ እናቴ ቤት ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ሐረር ልወስደው አስቤአለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከጅቡቲ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይሂዱ። ይሁን እንጂ የባለቤትዎ ፍርሃት ከንቱ ስላልሆነ መልሴን ከእርሱ ልጀምር።

አሳል ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ ዝቅ ያለው ስፍራ ነው። ዙሪያውን ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ነጩ የጨው ሜዳም የወረደበትን ፀሐይ መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። የሕፃን ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው ስለሚሰፋ ሙቀቱን ቶሎ ይቀበላል፤ ላብ የማውጣት አቅሙ ደግሞ አነስተኛ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ጨዋታ የያዘ ልጅ ጠማኝ አለማለቱ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የወሩና የሰዓቱ እንጂ የዕድሜው አልነበረም። ልጄን እስከ አምስት ዓመቷ ያሳደግሁት እዚያው ጅቡቲ ነው፤ ጉዟችንን ሁሉ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ እናደርግ ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳያልፍ ወደ መኪናችን እንመለሳለን፤ ውሃም ብትጠይቅ ባትጠይቅ በየሩብ ሰዓቱ እንሰጣታለን። ሙቀት የመታው ልጅ ካስመለሰው በኋላ ድብት ካለ ወይም ሲጠሩት አስተካክሎ ካልመለሰ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

አያስታውሰውም የተባለው ከፊል እውነት ነው። አብዛኞቻችን ሦስት ዓመት ተኩል ሳይሞላን የሆነውን አናስታውስም፤ የእርስዎ ልጅ ግን ያንን ደፍ ተሻግሯል፤ በዚህ ዕድሜ የታየ ነገር ደግሞ ማታ ማታ ደጋግመው ሲያወሩለት ይቆያል። ከዚህም በላይ፣ አያቱ ዘንድ ሄዶ የሚያገኘው ነገር በትዝታ ብቻ የሚመዘን አይደለም። አማርኛን ከእናቱ አፍ ብቻ ሲሰማ የኖረ ልጅ፣ ቋንቋው የአያትም የጎረቤትም የባለሱቅም መሆኑን በጆሮው ሰምቶ ይመለሳል። እኔ በበኩሌ ለዚህ ብቻ ስል መንገዱን እሄደው ነበር።

በባቡር ለመሄድ ማሰብዎን ወድጄዋለሁ። የቀድሞው ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 አሁን ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋ አትቆረቆርም ነበር፤ ለአራት ዓመት ልጅ «ይህችን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው» ቢሉት ከማንኛውም ታሪክ በተሻለ ይገባዋል። እርስዎ የሚሳፈሩት እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ በየቀኑ ስለማይነሣና የጉዞ ቀኑም ስለሚለዋወጥ አስቀድመው ከትኬት ቢሮው ያረጋግጡ። አዲሱ ጣቢያ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ የሚቀበላችሁ ሰው ይኑር። ባለቤትዎ አብረው የማይሄዱ ከሆነ ድንበር ላይ እንዳትጉላሉ ከልጁ ፓስፖርት ጋር የአባትየውን የስምምነት ደብዳቤ ይያዙ።

ከመንገዱ ይልቅ አጥብቄ የማሳስብዎ ስለ ወባ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው ጅቡቲ ነው፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ሲሆኑ በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ሆኗል። ድሬዳዋም በ2022፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ በወባ ወረርሽኝ በተመታች ጊዜ የተገኘችው ይህችው ትንኝ ናት። ረግረግ ወይም ክረምት አትጠብቅም፤ በበርሜል፣ በሮቶና በሲሚንቶ ገንዳ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትራባለች። የድሬ ሰው ደግሞ ውሃ ሳያጠራቅም አይውልም፤ የእናትዎ ግቢም ያለ በርሜል አይሆንም። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉላቸውና በርሜሉ ሁሉ ደኅና አድርጎ የሚገጥም ክዳን እንዲደረግለት ይጠይቋቸው። በኬሚካል የተነከረ አጎበር ይዘው ይሂዱ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ልጁን እጅጌ ረጅም ልብስ ያልብሱት። ተመልሳችሁ ከገባችሁ ሳምንታት በኋላም እንኳ ቢያተኩሰው «የመንገድ ድካም ነው» ሳይሉ በዚያኑ ዕለት ደሙን ያስመርምሩት።

ድሬዳዋ ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለግቢው ይተዉለት። ዘመድ ሁሉ ምሳና እራት ይጠራችኋል፤ እንዳይቀየሙ በትሕትና ያዘግዩት። ልጅዎ ጅቡቲ ሰፈር ውስጥ ሶማልኛ ለምዶ ከሆነ፣ እርስዎ ሳያስተዋውቁት ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ይዞ ያገኙታል፤ የድሬ ልጆች አንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ መጨረስ ያውቁበታልና። ከዚያ በኋላ ጠዋት በባጃጅ ወደ ቀፊራ ገበያ ወጣ ማለት፣ ለገሃር ሄዶም ፈቃድ ጠይቆ የቆሙትን የድሮ ባቡሮች ማየት ይበቃዋል። በቀን ከአንድ በላይ መውጫ አይያዙ።

ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ልጆችን ያቅለሸልሻል። ወተት ሳያጠጡት፣ ደረቅ ነገር ቀመስ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ ከሩቅ ያለውን እንዲመለከት ያድርጉት። የሐረር የጥር ሌሊት እንደ ጅቡቲ ስላልሆነ ሹራብ አይርሱ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ልጄ ከነቤተሰቡ ከካናዳ፣ ቶሮንቶ ለገና ይመጣል። የሦስት ዓመት የልጅ ልጄን ጅብ ስታበላ ፎቶ እንደሚያነሣት በስልክ ነግሮኛል። እኔ ፈራሁ፤ ከስንት ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ ደግሞ መከልከል ከበደኝ። ምን ላድርግ? (ከሐረር)

መልስ፦ የተከበሩ አባታችን፣ ይከልክሉት። በሐረር ማታ ማታ ሥጋ የሚበሉት ጅቦች አብሊያቸውን ለምደው ይመጣሉ እንጂ የቤት እንስሳ አይደሉም። የሦስት ዓመት ልጅ እጇ ከጅቡ አፍ ጋር እኩል ነው፤ ደንግጣ ልትጮኽ ወይም ልትሮጥ ትችላለች፤ ከእንጨት ላይ ሥጋ መንጠቅ የለመደ አውሬ ደግሞ እጅን ከሥጋ ለይቶ ይተዋል ተብሎ አይታመንም። ይህ ለልጅዎ ቢነገረው የሚቀየምበት ነገር አይደለም፤ ከአባቱ አፍ መስማቱም ከሌላ ሰው ይሻላል።

በዚያ ላይ በክረምታቸው ሐረርና ቶሮንቶ የስምንት ሰዓት ልዩነት አላቸው። የሕፃኗ እንቅልፍ እስኪስተካከል ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ነቅታ ብትጫወት አይቆጧት፤ ጠዋት ግን ቀስቅሰው ፀሐይ ላይ ያውጧት። ጅቡን ከሩቅ የማየቱን ነገር ለሁለተኛው ሳምንት ያቆዩት።

እስከዚያው የጀጎል ቀን ሞልቶ የተረፈ ነው። ከፈላና በር ተነሥተው በየቀኑ አንድ በር ያሳዩአት፤ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሸዋ በር እያለች አምስቱን ትቆጥራለች። መኪና ግርግር ወስደው ስሙን ያወጣለትን የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ያሰሟት። በግንቡ ሥር ጅቦች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች በቀን ያሳዩአትና ከልጅነትዎ ጀምሮ የሚያውቁትን ይንገሯት። ውሻም ሆነ ድመት ቢነክሳት ወይም ቢቧጭራት ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው፣ ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በዚያኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ልጅዎም ከካናዳ ሳይነሣ ስለ ክትባቷና በድሬዳዋ ለሚያልፉበት ጊዜ ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት የሕፃናት ሐኪሟን እንዲጠይቅ ይንገሩት።

ፎቶውን አጥብቆ ከፈለገም፣ እርስዎ መኪና ውስጥ አቅፈዋት፣ መስታወቱ ተዘግቶ፣ ጅቡ ከመስታወቱ ባሻገር ሲበላ እየታየ ሁለታችሁን ያንሣችሁ።