ጃቫን ለሥራ አስኪያጅ በአማርኛ እንዴት እናስረዳ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም እሠራለሁ። ሲስተማችን የተሠራው ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ሙያዬም እሱ ነው። በቅርቡ የገንዘብ ማስተላለፊያው ላይ ችግር ገጥሞን ለሥራ አስኪያጃችን «ግብይቱ ልዩ ሁኔታ ስለወረወረ ወደ ኋላ ተንከባሏል» ብዬ ጻፍኩላቸው። እሳቸውም «የትኛው ግብይት ነው የተቋረጠው?» ብለው መለሱልኝ። አዲስ የገቡ ልጆችን ሳስተምርም እንዲሁ እቸገራለሁ። እንግሊዝኛውን እንዳለ ልተወው ወይስ ሁሉንም ልተርጉመው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ሥራ አስኪያጅሽ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የለም። ግን የሚገባው «ትራንዛክሽን»፣ «ኤክሴፕሽን» እና «ሮልባክ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ምክሬ አጭር ነው። የነገሩን ስም ከእንግሊዝኛው እንዳለ ውሰጂ። ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደገጠመውና ከዚያ ምን እንደሆነ ግን ቤትሽ በምትናገሪው ግስ ጻፊ። «ትራንዛክሽን» የሚል ባዕድ ስም አንድ ሥራ አስኪያጅን ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው «ተንከባሏል» ነው።

እስቲ ግብይትን እንየው። ከ«ገበየ» የመጣ ነው፤ መሸጥና መግዛት ማለት ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው «ግብይቱ ተቋረጠ» ሲባል ሻጭና ገዢ የተበተኑ ነው የሚመስለው። ጃቫ ላይ ትራንዛክሽን የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ደንበኛ ከኮምቦልቻ ባቲ ላለች እህቱ 5,000 ብር ላከ እንበል። ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ያደርጋል። ከእሱ ሂሳብ ላይ 5,000 ይቀንሳል፤ በእሷ ሂሳብ ላይ 5,000 ይጨምራል። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ሳይሠራ መብራት ቢጠፋስ? ትራንዛክሽን የተፈጠረው ለዚህች ቅጽበት ነው። ወይ ሁለቱም ይመዘገባሉ፣ ወይ አንዱም አይመዘገብም። ይቺ «ወይ… ወይ» ካንድ ገጽ ማብራሪያ ትበልጣለች። በእሷ ጀምሪ።

«ተንከባለለ» ደግሞ ለድንጋይና ለበርሜል ነው። ገንዘብ አይንከባለልም፤ ይመለሳል፣ ይሰረዛል። «ልዩ ሁኔታ»ም ቢሮ ውስጥ የራሱ ትርጉም አለው። ሥራ አስኪያጅ ሲሰማው «በልዩ ሁኔታ ይፈቀድለት» የሚለውን ደብዳቤ ያስባል። «ወረወረ» ሲጨመርበት ጭራሽ ግራ ይገባዋል። ለእሳቸው «ችግር ገጠመው» በቂ ነው። ለጀማሪዎቹ ልጆች ግን ስሙን «ኤክሴፕሽን» ብለሽ ተይውና፣ ፕሮግራሙ መቀጠል ሲያቅተው ችግሩን ለጠራው ክፍል እንደሚያሳውቅ ንገሪያቸው። የጠራው ክፍል መፍትሔ ካለው ይይዘዋል፤ ከሌለው ወደ ላይ ያሳልፈዋል። «መያዝ» እና «ማሳለፍ» እዚህ ላይ በደንብ ይሠራሉ።

እኔ ብሆን ሪፖርቱን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ገንዘቡ ከላኪው ሂሳብ ተቀንሶ ወደ ተቀባዩ ከመግባቱ በፊት ፕሮግራሙ ችግር ገጠመው። ስለዚህ ሲስተሙ ሥራውን በሙሉ ሰርዞ ሁለቱንም ሂሳቦች ወደነበሩበት መልሷል። ከማንም ሂሳብ የጎደለ ብር የለም።»

ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በይልኝ። የአንቺ ደብዳቤ ውስጥ አልነበረችም። ሥራ አስኪያጅሽ ግን በዋናነት ማወቅ የሚፈልጉት እሷን ነው።

ካነሣነው አይቀር ስለ «ሲስተም የለም» ልናገር። ደሴም ሂጂ ወልዲያ፣ መስኮቱ ላይ የሚሰማው መልስ እሱ ነው። ለደንበኛ ይበቃ ይሆናል፤ ለሥራ አስኪያጅ ግን አይበቃም። ሦስት የተለያዩ ችግሮችን አንድ ላይ ይሸፍናልና። መስመር ከሌለ «ኔትወርኩ ተቋርጧል» በይ። ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ሳይጠፋ የጃቫው ፕሮግራም ከቆመ «ሰርቨሩ እየሠራ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ቆሟል» በይ። ችግሩ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ከሆነ «ዳታቤዙ አልመልስ ብሏል» በይ። ይህን «አልመልስ አለ» የሚለውን አነጋገር በጣም እወደዋለሁ። በሩ አልከፈት አለ፣ መኪናው አልነሳ አለ እንላለን። ግዑዝ ነገር ሲያስቸግር አማርኛ የሚናገረው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ጠይቆ፣ ጠብቆ፣ መልስ ሲያጣ የሚሆነውን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል።

ሌላም አለ። እንዲህ ያለ የጃቫ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝባቸውን መስመሮች አስቀድሞ ከፍቶ በቁጥር ይይዛል። አንዱ ሥራ ሲጨርስ መስመሩን ይመልሳል፤ ሌላው ይወስዳል። ሳይመልሱ የሚቀሩ ሲበዙ የቀረው ሥራ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ለዚህ አዲስ ቃል አያስፈልግሽም። «መስመሮቹ በሙሉ ተይዘዋል» በይ። ስልክ ደውሎ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

ወደ ጀማሪዎቹ ልንመለስ። «ክላስ»ን «ክፍል» ብሎ መተርጎም አልደግፍም። ቢሮ ውስጥ «የደንበኛ ክፍል» ሲባል የሥራ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ መማሪያ ነው። ክላስ ብለሽ ተይው። ለማስረዳት ግን ጠረጴዛሽ ላይ ያለውን ቅጽ አንሺ። ስም፣ ዕድሜ፣ የሂሳብ ቁጥር የሚል ባዶ ቅጽ አለ። ክላስ ባዶው ቅጽ ነው። የአንድ ደንበኛ መረጃ የተሞላበት ደግሞ ኦብጀክት ነው። ቅጹ አንድ፣ የተሞሉት ሺህ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጆቹ ይህን ሲይዙ ቅጹ ራሱ መሥራትም እንደሚችል ጨምሪላቸው፤ ክላስ መረጃ ብቻ ሳይሆን የሚሠራውን ሥራም ይዟል።

«ትሬድ»ን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄደውን አንድ ሥራ፣ «ክር» የሚሉም አሉ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ናት። እዚያ ክር ሲባል የሚፈተለው ነው። «ፕሮግራሙ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ያስኬዳል» ካልሽ ያለ ክርም ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን ያሳሰበኝ «ኢንተርፕራይዝ» ነው። ይህ ቃል ባገራችን ቦታ ይዟል። «ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ» ሲባል ስንት ዓመት ሰምተናል! ሥራ አስኪያጅሽን «ኢንተርፕራይዝ ጃቫ» ስትያቸው ለትናንሽ ማኅበራት የተሠራ፣ ወይም የመንግሥት ድርጅት የሆነ ነገር ሊመስላቸው ይችላል። ትርጉሙ በተቃራኒው ነው፤ ብዙ ተጠቃሚ፣ ብዙ መረጃና ብዙ ክፍያ ላለባቸው ትልልቅ ድርጅቶች የሚሆን የጃቫ አሠራር ነው። እዚህ ላይ ስሙን እንዳለ አትውሰጂ። «ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሆን ጃቫ» ብለሽ ጻፊ።

ሥራ አስኪያጅሽ የጨረታ ሰነድ ላይም ሦስት ስም ሊያዩ ይችላሉ፦ ጄ ቱ ኢ ኢ፣ ጃቫ ኢ ኢ፣ ጃካርታ ኢ ኢ። ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች አይደሉም፤ የዚሁ ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሆን ጃቫ የተለያየ ዘመን ስሞች ናቸው። በፈረንጆቹ 1999 የጃቫ ፈጣሪ የሆነው ኩባንያ ሰን ማይክሮሲስተምስ የመጀመሪያውን አወጣ። በ2006 ጃቫ ኢ ኢ ተባለ። ኦራክል የተባለው ኩባንያ ሰንን በ2010 ከገዛ በኋላ ሥራውን ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አስረከበ፤ «ጃቫ» የሚለው የንግድ ስም ግን ከኦራክል ስላልወጣ በ2018 ጃካርታ ኢ ኢ ሆነ። ጃቫስክሪፕት ግን ዘመዳቸው አይደለም። ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ቋንቋ ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ ላይ አጣብቀሽ ጻፊው። «ጃቫ» ብለሽም አታሳጥሪው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ የተወሰዱትን ስሞች በፊደላችን ጻፊያቸው፤ እርባታውም የአማርኛ ይሁን። ሰርቨሮች፣ ክላሶች፣ ዳታቤዙ። «ሰርቨርሶች» የሚለውን ተይ፤ ብዙ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ገብቷል። «የመረጃ ቋት» ጥሩ ትርጉም ነው፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤም የተለመደ ስለሆነ ብትጠቀሚበት ደስ ይለኛል። በአፍ ግን ሁሉም «ዳታቤዝ» ነው የሚለው። የፈለግሽውን ምረጪ፤ ሁለቱን ግን አንድ ሪፖርት ውስጥ አታቀላቅዪ። ሥራ አስኪያጅሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሏቸዋል።