ከደሴው የጦሳ ተራራ ወርጄ በሁለተኛው ቀን ጭኔን የሚያመኝ ላክቲክ አሲድ ነው ወይ ላልከው

አይደለም። የጎዳህ ቁልቁለቱ ነው። ስትወርድ የጭንህ ጡንቻ እንደ ፍሬን ሰውነትህን ይይዛል። እየተለጠጠ ስለሚሠራ ክሮቹ በጥቂቱ ይጎዳሉ። ሰውነት ሲጠግናቸው ቦታው ይቆጣል። ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ላክቲክ አሲድ (በሰውነት ውስጥ ላክቴት የሚባለው) የዳገቱ ጉዳይ ነው። ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው ኤቲፒ በሚባል ኃይል ሰጪ ነገር ነው። የተጠራቀመው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ከስኳርና ከስብ በሚገኝ ኃይል እየተሠራ ይተካል። ዳገት ስትሮጥ ኦክስጅን በበቂ ፍጥነት ስለማይደርስ ላክቴት ይበዛል። ከኮምቦልቻ ለመጣህ ለአንተ ደግሞ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ትንፋሽ ቢያጥርህ አይገርምም። ላክቴቱ ግን ካረፍክ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጸዳል።

አሁን ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ ተራመድ፣ ውሃ ጠጣ፣ በደንብ ተኛ። በሳምንት ውስጥ ይለቅሃል።

አደራ፣ ማስታገሻ ውጠህ እንደገና ቁልቁለት እንዳትሮጥ። እኔ በሦስተኛው ቀን እንዲህ አድርጌ ሁለት ሳምንት አነከስኩ። ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ኩላሊት ይጎዳል።