ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ሞርፊን፦ ስለ ሀራራቸው የጠየቃችሁኝ

ፋርማሲስት ነኝ። ኦፒዮይድ ስለሚባሉት፣ እንደ ሞርፊን ስለሚሠሩት የህመም ማስታገሻዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ትራማዶል ሲያዙልኝ «ከሞርፊን አንጻር ቀላል ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ በጉልበት ከሆነ እውነት ነው። በአፍ ሲወሰድ ከሞርፊን አንድ አምስተኛ እንኳ አያልፍም። ኮዴይንም እዚያው ሰፈር ነው። ኦክሲኮዶን ግን ሞርፊንን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጣል። ችግሩ ጉልበቱ አነስተኛ ነው ማለት ሲያቆሙት ይቀላል ማለት አለመሆኑ ነው።

ትራማዶል ሁለት ሥራ ይሠራል። እንደ ሞርፊን ህመም ያስታግሳል፤ በዚያ ላይ እንደ ድብርት መድኃኒት ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ይነካል። ሀራራውም ሁለት መልክ አለው። አንዱ የታወቀው ነው፦ ማዛጋት፣ ንፍጥ፣ እንባ፣ ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። ሌላው ጥቂት ሰዎች ላይ የሚታየው ነው፦ ድንገተኛ ፍርሃት፣ ኤሌክትሪክ የያዘው ዓይነት ንዝረት፣ አልፎ አልፎም የሌለ ነገር ማየት።

አንዷ ደንበኛዬ «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ መጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ ስታወራኝ አራቴ አዛጋች። የክንዷ ፀጉር ቆሟል። ለወገቧ ስምንት ወር የዋጠችው ትራማዶል ከትናንት ወዲያ አልቆባት ነበር። ምን ጉንፋን አለ እዚህ!

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ ቶሎ ከሰውነት የሚወጡት መድኃኒቶች ሀራራ ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከ4 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ሌላው ኦፒዮይድ፣ ሜታዶን፣ ሀራራው ዘግይቶ ይጀምርና እስከ 20 ቀን ሊጎተት ይችላል።

ጥያቄ፦ ባንዴ ባቆመውስ? እችለዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሀራራውን ትችለው ይሆናል። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከሳምንታት በኋላ ህመሙ ይመለሳል፤ አንተም የድሮውን መጠን ትውጣለህ። ሰውነትህ ግን ልምዱን ጥሏል። ያኔ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። ከዓመት በላይ ለወሰደ ሰው ሐኪም የሚቀንሰው በወር 10 በመቶ ያህል ነው፤ ሲከብድ ደግሞ ቆም ይደረጋል። ቀስ በቀስ የሚለቀውን ፍሬ ሰብሮ መቀነስ አይቻልም፤ የቀኑን መድኃኒት ባንዴ ነው የሚለቀው። ነፍሰ ጡር ደግሞ በፍጹም በራሷ እንዳታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ እኔን ያደነዝዘኛል፣ ባለቤቴን ምንም አይለውም። ለምን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ኮዴይን ብቻውን ብዙም አይሠራም። ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው ወደ ሞርፊን የሚቀይረው። የኢንዛይሙ ዘረመል አንዳንዱ ላይ ተደራርቦ ይገኛል፤ እሱ ላይ ለውጡ ይፈጥናል። በ1996 (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ላይ ይህንን አግኝቷል። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው» የተባለው መጠን ለአንዳንዶቻችን ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ኮዴይንንም ትራማዶልንም ከ12 ዓመት በታች ከልክሏል፤ ለሚያጠቡ እናቶችም አይመክርም። የጎረቤት ሽሮፕ ለልጅ አትስጡ።

ጥያቄ፦ ከቢራ ጋርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ዲያዜፓም ከሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒትም ጋር እንዲሁ። ትራማዶል በቀን ከ400 ሚሊግራም ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ አንዳንዴ ከዚያ በታችም።

ጥያቄ፦ ሀራራ ከያዘኝ ሱሰኛ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት የወሰደ ማንም ሰውነቱ ይለምዳል። ሱስ የሚባለው ጉዳቱን እያወቁ፣ ሥራና ቤት እየተበላሸ፣ መተው ሲያቅት ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው አጎቴ ኦክሲኮዶን ይወስዳል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ናሎክሶን የሚባል በአፍንጫ የሚረጭ ማርከሻ ይግዛ። እዚያ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። የት እንዳስቀመጠው ለሚስቱ ያሳያት። ትንፋሹ ሲደክም ራሱ ተነስቶ አይረጨውም።