«ልጅህ ሁለተኛው ማቻዶ ነው» ሲሉህ፣ ከመክፈልህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያነበብኩት ትናንት ሌሊት ከሥራ ስገባ ነው። የ12 ዓመት ልጅህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ቦታው ሦስተኛ ቤዝ ነው (ሯጭ በየተራ ከሚረግጣቸው ማዕዘኖች ሦስተኛውን የሚጠብቅ ተከላካይ)፤ አንድ ክለብ «ሁለተኛው ማኒ ማቻዶ ነው»፣ ማለት በአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ ስሙ የገነነው የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች፣ ብሎ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ለሚቆይ ሥልጠና 3,200 ዶላር ጠይቆሃል፤ አንተም ልጁ በእርግጥ ከእነዚህ ትልልቅ ተጫዋቾች ጋር የሚነጻጸር ተሰጥኦ እንዳለው በምን ልወቅ ብለሃል። ከእኔ በፊት የጻፉልህ ሰዎች «ልጅ ነው፣ ተወው ይጫወትበት» ብለው አልፈዋል። ደግ ምክር ነው፤ አባትን ግን እንቅልፍ አያስወስደውም። እኔን አላስወሰደኝም።

እኔ የዛሬ አምስት ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ይኸው ነገር ተብሎልኝ ከፍያለሁ። ሁሉም ተደምሮ 7,400 ዶላር። ለባለቤቴ የነገርኳት 4,000 ነው፤ ይህን ገጽ እንደማታነብ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቤዝቦል የማያውቅ ሐበሻ ስለሆነ ተታለለ እንዳትለኝ። እግር ኳስ ስጫወት ያደግሁ የአዲስ አበባ ልጅ ብሆንም፣ ታክሲ በምነዳበት ዘመን አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ይዤ ተሳፋሪ ስጠብቅ ጨዋታውን ከሬዲዮ ተምሬዋለሁ። ማርች 30 ቀን 2008 ዋሽንግተን አዲሱን ስታዲየም ሲመርቅ፣ ሦስተኛ ቤዝ የሚጫወተው ራያን ዚመርማን በዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር) በሆም ራን፣ ኳሱን ከአጥር ማዶ በሚያሳልፍ ምት፣ ጨዋታውን ሲጨርሰው መኪና ውስጥ ብቻዬን ጮኬአለሁ። ከኋላዬ የነበረው ሹፌር ሰልፉ የተንቀሳቀሰ መስሎት ጡሩምባ ነፋብኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እንግዲህ የተታለልኩት ጨዋታውን እያወቅሁ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በቁጥር ልዘርዝርልህ።

1. የልጅህን ቁጥር ከኮከቡ ቁጥር አጠገብ አታስቀምጥ። እኔ ማታ ማታ ደብተር ላይ አስምሬ በግራ ማቻዶን፣ በቀኝ ልጄን እጽፍ ነበር። የልጄ የመምታት አማካይ (ከመታባቸው ተራዎች ስንቱ እንደተሳካለት የሚያሳየው ቁጥር) 0.510 ነበር፤ ማቻዶ በ2013 ለባልቲሞር ሲጫወት 0.283። ልጄ በለጠው! እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ የሠራ ሰው ይህን ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ማነጻጸር ካለብህ ትልልቆቹ ገና ጀማሪ ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር እይ። ማይክ ሽሚት፣ ብዙዎች ሦስተኛ ቤዝ ላይ ከቆሙት ሁሉ የሚያስበልጡት ሰው፣ በ1973 ለፊላደልፊያ የመታው 0.196 ነው፤ ከአስር ሁለት እንኳ አይሞላም። በዚያ ዓመት ወረቀቱን ይዘህ ብትፈርድ ወደ ቤቱ ትሸኘው ነበር። በዓመቱ በ36 ሆም ራን ሊጉን መራ፤ ሲጨርስ 548 ሆም ራንና 10 ጎልድ ግላቭ (በየቦታው ለምርጡ ተከላካይ የሚሰጥ ሽልማት) ነበረው። የክሊቭላንዱ ሆሴ ራሚሬዝ በ2009 ሲፈርም የተከፈለው 50,000 ዶላር ነው፤ በ2015 0.219 መታ፣ በቀጣዩ ዓመት 0.312። ኢቫን ሎንጎሪያ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ የፈለገው አልነበረምና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ፤ በ2006 በድራፍቱ (ቡድኖቹ አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ሦስተኛ ሆኖ ተመረጠ፣ በ2008 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። አድሪያን ቤልትሬ ደግሞ በ19 ዓመቱ ሜጀር ሊግ ገብቶ ለኮከቦች ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጠው በ31 ዓመቱ ነው። ዛሬ በዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ብራንደን ዉድ በ2005 በታችኛው ሊግ 43 ሆም ራን መታ፤ ያኔ ይጻፍለት የነበረውን ውዳሴ ማን ይችለዋል። ሜጀር ሊግ ሲገባ ከሁሉም ዓመታት የተረፈው አማካይ 0.186 ነው።

አሁን ልጆቻችን ስሙን ከአፋቸው የማያወጡት የታምፓው ጁኒየር ካሚኔሮ በ2025 45 ሆም ራን መትቷል አይደል? ክሊቭላንድ በ2021 በአንድ ኳስ ወርዋሪ (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) ለውጦ ነው የሰጠው። መልማይ ቀጥረው፣ በየሜዳው ካሜራ ሰቅለው፣ ሌላ ሥራ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ታዲያ ከገበያ አዳራሽ ጀርባ መጋዘን ተከራይቶ የሚያሠለጥን ክለብ የልጅህን መጨረሻ በ12 ዓመቱ ከየት አየው?

2. ሜዳው። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ስለሆነ ረጋ ብለህ አንብበው።

ልጅህ አሁን የሚጫወትበት ሜዳ ላይ ከቤዝ እስከ ቤዝ 18.3 ሜትር ነው። መቺው ሮጦ አንደኛ ቤዝ ሳይደርስ ለመቅደም ከሦስተኛ እስከ አንደኛ ቤዝ የሚወረወረው ውርወራ ወደ 26 ሜትር ይሆናል። ወደ ትልቁ ሜዳ ሲሸጋገር ቤዞቹ በ27.4 ሜትር ይራራቃሉ፤ ውርወራውም 38.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። የልጁ ክንድ ያው የትናንቱ ክንድ ነው።

የእኔን ልጅ የፈተኑት በዲሴምበር፣ ጣሪያ ሥር፣ አርቴፊሻል ሣር ላይ ነው። አሠልጣኙ ኳሱን በእጁ ያንከባልልለታል፣ ኳሱ አንድም ጊዜ ሳይዘል ይመጣለታል፣ ልጄ አንሥቶ መረቡ ውስጥ ይወረውራል፤ አንዱ ፍጥነቱን በራዳር ይለካል። በኋላ በቀለም የታተመ አራት ገጽ ወረቀት በፖስታ ሰጡን። ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ «እጆቹና የውርወራው አወጣጥ ወጣቱን ማኒ ማቻዶን ያስታውሳሉ» ይላል። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው እስኪፈላ ወደዚያ እየመራሁ አስነብብ ነበር።

ከዚያ ኤፕሪል መጣ። በትልቁ ሜዳ የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር፤ ሌሊት ዘንቦ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። አንዱ መቺ መስመሩን ታክኮ የሚሄድ ኃይለኛ ኳስ መታ፤ ልጄ ጓንቱን ገልብጦ እንዴት አድርጎ እንደያዘው ብታይ ትነሣለህ፤ እኔም ተነሥቼ ነበር። ቀና ብሎ ወረወረ። ኳሱ መሬት ላይ ሁለቴ ነጥሮ አንደኛ ቤዝ ሲደርስ ሯጩ አልፎ ነበር። በሚቀጥለው ተናድዶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲወረውር ከአንደኛ ቤዙ ልጅ አናት በላይ አልፎ አጥሩ ላይ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ሳየው፣ ኳሱ ወደ እርሱ እንዳይመጣ የሚለምን ልጅ ፊት ነው። ክለቡ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኳስ ወርዋሪ እያደረገ ያሰልፈው ነበር። በሜይ መጨረሻ ጥርሱን ሲፋቅ ክርኑን መታጠፍ አቃተው።

ሐኪሙ ያለው አጭር ነው፦ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ላይ ጉዳት አለ፣ ሦስት ወር ምንም ዓይነት ውርወራ የለም። ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል «ፒች ስማርት» ብለው ያወጡት መመሪያ ያን ጊዜም ነበረ፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ እንዲያርፉ ይመክራል፤ በ11 እና በ12 ዓመቱ ወርዋሪ የሆነ ልጅ በአንድ ቀን ከ85 ኳስ በላይ እንዳይወረውርም ይላል። አንተን 3,200 ዶላር የጠየቁህ ልጁ ማረፍ ለሚገባው አራት ወር ነው! ሌላውን ሁሉ ብትዘለው ይህን አትዝለለው።

ወደ ቢሮው ልምጣ። የሐኪሙን ወረቀት ይዤ የቀረውን ክፍያ እንዲመልሱልኝ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወጣት ቀና ብሎ ሳያየኝ «ፈርመሃል» አለኝ። ኃላፊውን ጥራልኝ አልኩ። አርባ ደቂቃ አስቀመጡኝ። ኃላፊው ወጥቶ ወረቀቱን በቆመበት አገላበጠና «ለመሆኑ በአገራችሁ ቤዝቦል አለ?» አለኝ። እንደዚያ ስጠየቅ የምመልሰው አይጠፋኝም ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ጠፋኝ። መልሱን ያገኘሁት ማታ ወጥ ቤት ቆሜ ነው፤ ለባለቤቴ በደንብ አድርጌ መለስኩላት። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ያ አርባ ደቂቃ ግን በከንቱ አልጠፋም። አጠገቤ አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው ከልጁ ጋር ተቀምጧል፤ ያው ፖስታ በእጁ ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስናወራ ወረቀታችንን ጎን ለጎን ዘረጋነው። ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር፣ ማኒ ማቻዶ። ከልጆቹ ስም በቀር አንድ ፊደል አልተለወጠም። የሰውየውን ልጅ ዞር ብዬ ሳየው ጓንቱን ያጠለቀው በቀኝ እጁ ነው። ግራኝ ነው! ግራኝ ወርዋሪ ሦስተኛ ቤዝ ላይ እንደማይቆም ታውቃለህ፤ ኳሱን ይዞ ወደ አንደኛ ለመወርወር ሰውነቱን ሁሉ ማዞር አለበት፣ እስኪዞር ሯጩ ደርሷል። (ብሩክስ ሮቢንሰን ግራኝ አልነበረም ወይ የሚል አይጠፋም፤ በግራው ይጽፍ ነበር፣ የሚወረውረው ግን በቀኙ ነው።) አባትየው ነገሩ ሲገባው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ቆየሁ።

3. ታዲያ በምን ይታወቃል ላልከው፣ የሚታየውን ልንገርህ። እግሩን እይ። ኳሱ ከመመታቱ በፊት እግሩ ነቅቷል ወይስ ተተክሏል? ከዚያ ስልክህ ላይ የሩጫ ሰዓት አለ፤ ኳሱ ዱላውን ሲነካ አስነሣው፣ አንደኛ ቤዝ ያለው ልጅ ጓንት ውስጥ ሲገባ አቁመው። ሜጀር ሊግ ውስጥ በቀኙ የሚመታ መካከለኛ ሯጭ አንደኛ ቤዝ የሚደርሰው በ4.3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ኳሱ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። የ12 ዓመት ልጅ በዚህ አይለካም፤ ከወር ወር ከራሱ ሰዓት ጋር አነጻጽረው። የራዳሩን ቁጥር እርሳው። ሮቢንሰን ፈጣን ሯጭ አልነበረም፣ ክንዱም ከጠንካሮቹ አይቆጠርም፤ ግን ኳሱ እጁ ውስጥ አያድርም ነበርና ከ1960 እስከ 1975 በተከታታይ 16 ጎልድ ግላቭ ወሰደ።

ሌላው፣ ከተሳሳተ በኋላ ያለውን የሚቀጥለውን ኳስ እይ። በዚህ በኩል የእኔ ልጅ ከማንም አያንስም፤ ያን ኤፕሪል አትቁጠርበት።

4. ቦታውን አትቸንክርበት። ይኸው ማቻዶ በ2010 ሦስተኛ ሆኖ ሲመረጥ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ነበር፤ በኦገስት 2012 ባልቲሞር ሲያስገባው ሾርትስቶፕን ጄ ጄ ሃርዲ ይዞት ስለነበር ሦስተኛ ቤዝ ላይ ቆመ። ሽሚትም ኮሌጅ ሳለ ሾርትስቶፕ ነበር። ቺፐር ጆንስም በ1990 አንደኛ ሆኖ ሲመረጥ እንዲሁ። ወዲያ ማዶ ደግሞ የእኔው ዚመርማን ትከሻው ሲያስቸግረው ከሦስተኛ ወደ ግራ ሜዳ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄደ፤ በ2019 ዋንጫውን ያነሣው አንደኛ ቤዝ ላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ ለመንደሩ ቡድን አሠልጣኝ ልጁን ሾርትስቶፕም፣ ሁለተኛ ቤዝም ይሞክረው በለው፤ በነጻ ነው።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ስለ ጓንት ነበር መሰለኝ። አዎ፣ ከ3,200ው 200ውን ለጥሩ ጓንት አውጣና ሌላው ባንክ ይቀመጥ። እጁን ለማፍጠን የላስቲክ ኳስና የጋራዥ ግድግዳ ይበቃዋል፤ ኳሱን ወርውሮ በጎ ክርኑን እንዳያደክም አንተ ወርውርለት፣ እርሱ ይያዝ። እኛ ጎረቤት እስኪከሰን ድረስ አድርገነዋል።

የእኔ ልጅ ዛሬ 17 ዓመቱ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ቤዝ ይጫወታል፣ ሰባተኛ ተራ ላይ ይመታል። ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው፣ እኔን ሳያማክር። የቡድኑን የውጤት መዝገብ የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በእርሳስ፣ በአማርኛ ቁጥር ብጽፈው ማን ያየኛል እያልኩ አንዳንዴ የመጨረሻውን ኢኒንግ በ፯ እጽፈዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። የሰጡህን ፖስታ ክፈትና ሁለተኛውን ገጽ፣ ሦስተኛውን መስመር አንብብልኝ።