አርቲፊሻል ላይፍ መማር ለምትፈልጊው እህቴ፦ ከሳይንሱ በፊት ሬጅስትራሩን አስቢ

ሰላም እህቴ። «ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሼ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አርቲፊሻል ላይፍና አዳፕቲቭ ሲስተምስ በማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ የት ይሻላል፣ ምን ላዘጋጅ?» ብለሻል። እኔ ይህንኑ፣ የሕያዋንን ባህሪ በኮምፒውተርና በሮቦት እየፈጠሩ የሚያጠኑበትን ዘርፍ፣ እንግሊዝ ተምሬ ነው የመጣሁት። ስለ አይኤልትስና ስለ ሲቪ ሌሎቹ በቂ መልስ ሰጥተውሻል፣ አልፈዋለሁ።

1. የኮርሱን ስም እያሳደድሽ አትድከሚ። ተመራማሪው ክሪስ ላንግተን እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ፣ ሎስ አላሞስ ላይ የመጀመሪያውን ጉባኤ ከጠራ ወዲህ ዘርፉ አድጓል፤ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ስም ነው የምታገኚው። ብራይተን አጠገብ ያለው ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የቆየ ቤቱ ነው፤ አሁን ከኤአይ ጋር አጣምረው ይሰጡታል። አሜሪካ፣ ቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ከሄድሽ ደግሞ ኮምፕሌክስ ሲስተምስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንቁራሪት ሴል ዜኖቦት የሚባሉትን ጥቃቅን ሕያው ሮቦቶች ካበጁት ሰዎች ግማሾቹ የዚያ ናቸው። የመምህራኑን ፔፐር አንብበሽ ወስኚ። ሬንኪንግ ምናምን እርሺው።

2. ሒሳብሽን አድሺ፣ በተለይ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን። እዚያ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ (ላይብረሪ) ጠርቶ ዳታ ማጉረስ ብቻ አይደለም። በሲሙሌሽን ትንሽ ሮቦት ትሠሪና አንጎሉን በዝግመተ ለውጥ ታሳድጊያለሽ። ብዙ አንጎል በዘፈቀደ ትፈጥሪያለሽ፣ ለሁሉም ነጥብ ትሰጫለሽ፣ የተሻሉትን ታራቢያለሽ። እኔ «ግድግዳ ሳይነካ ጎማውን በደንብ ላሽከረከረ ነጥብ» የሚል ሕግ አወጣሁ። ፕሮግራሙ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ባየው፣ አሸናፊው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እንደ እንዝርት ይሾራል! ግድግዳ አልነካ፣ ጎማው አልቆመ። ሕጌን አክብሮ ሸወደኝ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲዞሩ ነጥብ እንዲጨምር ሳደርግ ነው ቀጥ ብሎ መሄድ የጀመረው። ይህ ካሳቀሽ ዘርፉ ያንቺ ነው። አድሪያን ቶምሰን የሚባል ተመራማሪ እዚያው ሰሴክስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የ1 እና የ10 ኪሎኸርትዝ ሲግናል የሚለይ ሰርኪውት ቺፕ ላይ በዚሁ መንገድ አሳድጎ ነበር። ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው የሚመስሉ የቺፑ ክፍሎች ሲነሱ ሰርኪውቱ እምቢ አለ። (በነገራችን ላይ፣ እንግሊዝ 70 ካገኘሽ ዲስቲንክሽን ነው፤ 62 አየሁ ብለሽ እንዳታለቅሺ። የእኔ ፕሮጀክት ግን ከ70 በላይ ነው ያመጣው።)

3. ወረቀት። እዚህ ላይ ስሚኝ። ሳይንሱ ይደረስበታል፤ እኔን ያንገላታኝ ሬጅስትራር ነው። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ስካን አይቶ በቅድመ ሁኔታ ይቀበልሻል። ቼቭኒንግ (የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ) ደግሞ ከመረጥሻቸው ሦስት ኮርሶች ቢያንስ ከአንዱ ቅድመ ሁኔታ የሌለው ደብዳቤ ይፈልጋል። በሁለቱ መሃል የሚቆመው፣ ቅድመ ሁኔታውን የሚያስነሳልሽ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽ ነው። የተማርኩበት ግቢ (ስሙ ይቅር) ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ከስልኳ ቀና ሳትል «የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ አምጣ» አለችኝ። ከደመወዜ ሲቆረጥ የኖረ ነው፤ ማስረጃውን ይዤ ተመለስኩ። «ይሄ ኮፒ ነው።» ኦሪጅናሉን አመጣሁ። «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው።» ከዚያ «ሲስተም የለም።» እኔ ከክፍለ ሀገር በአውቶቡስ እየተመላለስኩ የዓመት ፈቃዴ አለቀ፤ እሷ «ነገ ና»። እጄ የገባው ስኮላርሺፕ በዚህ ምክንያት አመለጠኝ። በዓመቱ ከዜሮ ጀምሬ አመለከትኩ፣ ደግሜ አለፍኩ። ዕድል አይደለም፣ ደፍሬ እናገራለሁ!

በሁለተኛው ጊዜ የሠራልኝ ምን መሰለሽ? መስኮቱን ትቼ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቅጂው ላይ ቁጥርና ቀን አስመታሁ። በአፍ የጠየቅሽው ተረስቶ ይቀራል። ቁጥር ያለው ወረቀት ግን አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት፣ ያ ሰውም ይጠየቅበታል። ያቺው ሴትዮ ናት የትራንስክሪፕቱን ፖስታ አሽጋ የሰጠችኝ፤ ያኔም ቀና አላለችም። በዚያው የሒሳብ ኮርሶችሽን ዝርዝር ይዘት ከዲፓርትመንቱ አስፈርሚ፤ እኔን ዩኒቨርሲቲው ጠይቆኛል።

4. ለእንግሊዝ ቪዛ የሚጠየቀው የቲቢ ምርመራ አዲስ አበባ፣ አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት) ነው። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው 6 ወር ስለሆነ ቀድመሽ አትሩጪ።

ኮስት ሼሪንግሽ የት ደረሰ? ጻፊልኝና የማመልከቻዬን ቅጂ እልክልሻለሁ፤ ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ብቻ ትቀይሪያለሽ።