ለወገብ ሕመም በአልጎሪዝም የሚወጣ የሕክምና ዕቅድ ይታመናል ወይ?

ጠያቂያችን፣ ወገብዎን ካመመዎት ዓመት እንዳለፈው ገልጸው፣ ጥያቄ ጠይቆ «ለእርስዎ ብቻ የሚሆን» ሕክምና የሚያወጣ የስልክ መተግበሪያ ይታመን እንደሆነ ጠይቀዋል። እንግሊዝ አገር በፊዚዮቴራፒስትነት ስለምሠራና ተመሳሳይ መሣሪያዎችን ስለምጠቀም፣ ያየሁትን ላካፍልዎት።

አልጎሪዝሙ፣ ማለትም መልስዎን በተቀመጠለት ደንብ እየመዘነ ዕቅድ የሚያወጣው የኮምፒውተር ስሌት፣ የሚያየው ወገብዎን ሳይሆን መልስዎን ነው። በእንግሊዙ ኪል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ባለ 9 ጥያቄ ቅጽ፣ ሕመሙ ወደ እግር ይወርድ እንደሆነና ልብስ ለመልበስ ያዘገይ እንደሆነ ከጠየቀ በኋላ ወደ ጭንቀትና ተስፋ መቁረጥ ይሻገራል፤ ከዚያም ታካሚው ሕመሙ ሥር የመስደድ ዕድሉ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል። «እንደ እኔ ላለ ታማሚ እንቅስቃሴ አደገኛ ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዙዎች እስክሪብቷቸውን አንሥተው ያዩኛል። እዚያ ላይ «አዎ» ያለ ሰው ከስፖርቱ አስቀድሞ ፍርሃቱን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥለት ባለሙያ ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ራጅ አይነግረንም።

ይሁንና መመደብ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው፣ 851 ታካሚዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት በምድብ ማከም እንደሚሻል ቢያሳይም፣ አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት ሲሞከር በታካሚዎቹ ላይ ለውጥ አልታየም፤ ምድቡ ቢታወቅም የሚሰጠው ሕክምና እምብዛም አልተለወጠም ነበርና። ስለዚህ መተግበሪያውን ሲመርጡ፣ መልስዎ ሲለወጥ ዕቅዱም አብሮ ይለወጥ እንደሆነ ይመልከቱ።

በእኔ አስተያየት የተሻለው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው፣ ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመም ባለባቸው 278 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። የኮምፒውተር ሥርዓቱ የእርምጃቸውን ብዛትና የሚሰማቸውን እየተቀበለ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ከባለሙያ የ45 ደቂቃ ስልክ፣ የ15 ደቂቃ ስልክ ወይስ የተቀዳ ምክር እንደሚበቃቸው ይወስን ነበር። ውጤቱ ሁልጊዜ 45 ደቂቃ ከሚደወልላቸው ሳያንስ፣ የባለሙያው ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ።

እንግዲህ ሲሞሉ እውነቱን ይሙሉ፤ ያልሠሩትን ስፖርት «ሠርቻለሁ» ካሉ የሚቀጥለው ዕቅድ ከአቅምዎ በላይ ይሆናል። ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በመቀመጫዎና በብልትዎ አካባቢ ከደነዘዘዎት ወይም እግርዎ እየከዳዎት ከሄደ ግን መተግበሪያውን ትተው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።