«ሳምንቱን ሙሉ እሠራለሁ፤ ሥራው ግን አያልቅም»

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የማንም ቅጥር ሠራተኛ ሳልሆን ለተለያዩ መጽሔቶችና ድረ ገጾች በውል የምጽፍ፣ በሳምንት አንድ ጊዜም ወቅታዊ ጉዳዮችን የሚተነትን ፖድካስት የማዘጋጅ ፍሪላንሰር ነኝ። አለቃ የለብኝም፤ የዕረፍት ቀንም የለኝም። ሰኞ የጀመርኩት ጽሑፍ በየመሀሉ ዜና ስከታተል እስከ ሐሙስ ይጎተታል። ዓርብ ማታ ፖድካስቱን ለመቅረጽ ስቀመጥ ድምፄ ሻክሮ፣ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ ሁለት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌሊት የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኛል። ወዳጆቼ «ዜና መከታተልህን ተው» ይሉኛል፤ መተዳደሪያዬ ዜና ሆኖ ሳለ እንዴት ልተወው?

መልስ፦ የዘረዘሯቸው ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም አንዱ ሌላውን የሚያባብስ ነው፤ ሥራው የሚያበቃበት ሰዓት ስለሌለው ሰውነትዎም የሚያገግምበት ሰዓት አላገኘም። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ለነገ የማይባለውን የእጅዎን ጉዳይ ላስቀድም። የጠቀሷቸው ሦስት ጣቶች አንድ ላይ፣ በተለይም ሌሊት ሲደነዝዙ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በእጅ አንጓ ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ መጨቆኑ ነው። ሌሊት የሚብሰው ተኝተን ሳለ ሳናውቀው አንጓችንን ስለምናጥፍ ነው። ገና በጅምሩ ሲሆን አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስሮ መተኛት ብዙዎችን ይረዳል፤ ችላ ሲባል ግን በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ እስከ መመንመን ሊደርስ ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለሆነም ይህን አንብበው ከመመርመር እንዳይዘገዩ አደራ እላለሁ።

ድምፅዎን በተመለከተ፣ ለመጻፊያ ኮምፒውተር የሚጨነቁትን ያህል ለመናገሪያው አካል የሚጨነቁ ፖድካስተሮች ጥቂት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በምንናገርበት ጊዜ የድምፅ አውታሮቻችን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በወንዶች ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴቶች ደግሞ ወደ 200 ጊዜ ገደማ እየተገናኙ ይለያያሉ። ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ፣ ከአዘጋጆች ጋር ሲነጋገሩና ሲከራከሩ የከረሙ ሰው ዓርብ ማታ ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጡ፣ እነዚያ አውታሮች ሥራቸውን ጨርሰው ዕረፍት የሚሹበት ሰዓት ላይ ነው የሚደርሱት። ጉሮሮን መጥረግ ደግሞ ዕዳውን ይጨምረዋል፤ አውታሮቹ በኃይል ተጋጭተው ያብጣሉ፣ እብጠቱ አክታ ያለ ያህል ስሜት ይፈጥራል፣ ስሜቱም እንደገና እንዲጠርጉ ያስገድዳል። የመጥረግ ፍላጎት ሲመጣ ምራቅ መዋጥ ወይም አንድ ጉንጭ ውኃ መጎንጨት ይሻላል። ሹክሹክታም ለብዙ ሰው ዕረፍት አይሆንም፤ እንዲያውም ጉሮሮን የሚያስጨንቅበት ጊዜ አለ።

ውኃን በሚመለከት ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። የምንጠጣው ውኃ የሚወርደው በምግብ ቱቦ በኩል ስለሆነ የድምፅ አውታሮችን በቀጥታ አይነካም። ቀረጻው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ትልቅ ብርጭቆ መጨለጥ አፍን ያርሳል እንጂ አውታሮቹን ወዲያው አያለሰልስም፤ ለእነሱ የሚጠቅመው ከጠዋት ጀምሮ ቀስ እያሉ የጠጡት ነው።

የማይክሮፎኑ አቀማመጥም ከጤና ጋር ይገናኛል። ከአፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ብሎ የተቀመጠ ማይክሮፎን በተለመደው የንግግር ድምፅ በቂ ነው። ርቆ ሲቀመጥ ተናጋሪው ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጫጫታ ባለበት ክፍል የሚቀርጽ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሰው በጫጫታ መካከል ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ሳያስበው ነውና። መስኮቱን መዝጋት፣ የሚያጓራውን ማራገቢያ ማጥፋትና በጆሮ ማዳመጫ የራስን ድምፅ በግልጽ መስማት የቀረጻውን ጥራት ከማሻሻላቸውም በላይ ጉሮሮን ከልፋት ያድናሉ።

ከዚህ በመነሳት የምመክርዎ የቀረጻውን ቀን እንዲያዛውሩ ነው። ዓርብ ማታ የሚለውን ይተዉትና ቀደም ባለው ቀን ቃለ መጠይቅ ባላደረጉበት አንድ ጠዋት ይቅረጹ። ከእንቅልፍ እንደተነሱ ወዲያው ሳይሆን፣ ድምፅዎ እስኪፍታታ ድረስ ጥቂት ሰዓት ቆይተው ይሁን። መሻከሩ አራት ሳምንት ካለፈው ማንቁርትዎን ሐኪም ሊመለከተው ይገባል፤ የሚያጨሱ ከሆነ፣ በአንገትዎ ላይ እብጠት ካገኙ፣ ደም የተቀላቀለበት ሳል ካለ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎ ግን አራቱን ሳምንት አይጠብቁ።

አሁን ወደ ዜናው እንምጣ። የወዳጆችዎ ምክር ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ለእርስዎ ሙያ ግን አይሆንም። ጭንቀታቸው ግን መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ ተካሂዶ በ2014 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ስለ ጥቃቱ በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ በመገናኛ ብዙኃን የተከታተሉ ሰዎች በስፍራው ከነበሩት ይልቅ የበረታ የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል። የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም የሆነው ሮይተርስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዓመታዊ ዘገባም በተለያዩ አገሮች ከተጠየቁት ሰዎች መካከል 39 በመቶዎቹ አንዳንድ ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ ከዜና እንደሚሸሹ ተናግረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ አኃዝ 29 በመቶ ነበር። አድማጮችዎም ከእነዚህ መካከል ይኖራሉና እርስዎ ጋ የሚመጡት ሌላ ርዕስ ፍለጋ አይመስለኝም። ርዕሱን ቀድመው ያውቁታል፤ የሚፈልጉት ከጀርባው ያለውን ነው።

ለሥራ የሚፈለግ ዜና ከልማድ ከሚታይ ዜና የሚለየው ጥያቄ ቀድሞት በመምጣቱ ነው። ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት የሚፈልጉትን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ውሳኔውን ያጸደቀው ማን ነው? ከመቼ ጀምሮ ይጸናል?» ብለው። መልሱን ሲያገኙ ምንጩንና ሰዓቱን ከጎኑ አስፍረው ይዝጉት። ይህን በቀን ሁለት በተወሰኑ ሰዓቶች ቢያደርጉና በቀረው ጊዜ ማሳወቂያዎችን ቢያጠፉ፣ ሰኞ የተጀመረው ጽሑፍ ሐሙስ ድረስ የሚጎተትበት ምክንያት በእጅጉ ይቀንሳል። በየሰዓቱ የሚወጣን ዘገባ መከታተል ለሳምንታዊ ፖድካስት የሚሰጠው ጥቅም ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ አደጋ በደረሰ ዕለት የሚነገሩ የተጎጂዎች ቁጥሮች፣ ምክንያቶችና ተጠያቂዎች በቀጣዮቹ ቀናት ደጋግመው ይስተካከላሉና። በመጀመሪያው ሰዓት በተነገረው ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ትንታኔ ብዙውን ጊዜ እንደገና መጻፉ አይቀርም።

የጽሑፉን በር የሚዘጉበት ሰዓትም ይኑርዎ። ቀረጻው ሐሙስ ጠዋት ከሆነ ረቡዕ አመሻሽ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ወይ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል፣ ወይ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ የሚቀይር ከሆነ በመግቢያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀሳል።

ስለ ሰዓት ብዛት ደግሞ አጭር ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ፍሪላንሰር ሰዓቱን ሲቆጥር የጻፈበትንና የቀረጸበትን ብቻ ያስባል፤ ለኢሜይል መልስ የሰጠበትን፣ ክፍያ የተከታተለበትን፣ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ የገለበጠበትን፣ ድምፅ ኤዲት ያደረገበትን ይረሳዋል። ኤዲቱ ብቻውን ከቀረጻው ብዙ እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። አንድ ሳምንት ሁሉንም ሳያስቀሩ ይመዝግቡ፤ የትኛውን ውል መተው እንዳለብዎ ከእኔ ምክር ይልቅ ያ መዝገብ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ እኔም ፖድካስት አዘጋጃለሁ። ታምሜ አንድ ሳምንት ባልቀርጽ ለአድማጮቼ ሕመሜን መንገር አለብኝ ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም ማለቱን አልደግፍም፤ ሕመሙን መዘርዘር ግን ግዴታዎ አይደለም። «በዚህ ሳምንት በጤና ምክንያት አዲስ ክፍል አይኖርም» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። ውል ለገቡላቸው ሰዎች ግን ማስረከቢያው ቀን ከመድረሱ በፊት፣ መቼ ማድረስ እንደሚችሉ ጭምር ይጻፉላቸው፤ አዘጋጅን የሚያስቆጣው ከመዘግየቱ ይልቅ በመጨረሻው ሰዓት መስማቱ ነውና። ጤነኛ በሆኑበት ጊዜ ከዕለቱ ዜና ጋር ያልተያያዘ አንድ ክፍል ቀርጸው ማስቀመጥም ይቻላል። በዚህ ክፍል ውስጥ «ትናንት»፣ «ባለፈው ሳምንት» ወይም «ሰሞኑን» የሚሉ ቃላት እንዳይገቡ ይጠንቀቁ፤ እንግዳ ከጋበዙም ይህንኑ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ይንገሩት።